ከእኔ የወጣ ድምፅ፦ ዜሮ

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ለምወድሽ ልጄ፣

ጥፋተኛው ባልሽ ነው። ሰላምታዬን ሳላደርስ ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤውን የሚከፍተው እሱ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ሊያገባሽ የመጣ ቀንም ዓይኔን እየሸሸ ነበር ያወራኝ።

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሁድ እሁድ ስንነጋገር ምስልሽ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ ኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራሁት።

«እማማ፣ ከመደወልዎ በፊት እዚያው ብራውዘር ላይ ይህን ገጽ ይክፈቱ፤ እዚህች ሳጥን ውስጥ ምልክት ያድርጉ። ንግግሩ እስኪያልቅ አይዝጉት፤ መዝገብ ይይዛል» አለኝ።

«ወሬያችንን ሊሰማ ነው?»

«ኧረ የለም! ስንት ድምፅና ምስል እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ ብቻ ነው የሚቆጥረው።»

እንዳለኝ አደረግሁ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ለደንበኛዋ ሱሪ ሁለት ግራ እግር እንደሰፋችለት ስነግርሽ «ውይ እማ፣ አንቺ ደግሞ!» ብለሽ ሳቅሽ።

ማክሰኞ ጠጋኙ መጥቶ መዝገቡን ከፈተ። ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ የማይክሮፎኑን ገመድ ይዞ ወጣ። ተነቅሎ አቧራ ለብሷል። ክረምት ላይ ጠረጴዛውን ካዞርኩት ወዲህ ነክቼው አላውቅም፤ ሰባት ወር ሆነው።

«ታዲያ ልጅዎ ምን ሰምታ ነው የምትመልስልዎ?» አለኝ። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

በሃምሳ አምስት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ። መዝገቡን በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት። ከአንቺ የገባው ቁጥር መስመሩን ሞልቶታል። ከእኔ የወጣው ድምፅ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ምነው ባላስተማርሽኝ!

ትናንት ገመዱን ሰካሁና ደውዬ ትንፍሽ ሳልል ተቀመጥኩ። ያንኑ ቢጫ ሹራብ ለብሰሻል፤ ሆስፒታል ልገባ ነው ካልሽኝ ወዲህ በሌላ ልብስ አላየሁሽም።

«እማ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው?» አልሽ። ዝም አልኩ።

«ተይ እንጂ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ» አልሽ። ዝም አልኩ።

ጥቂት ጠበቅሽና «ውይ እማ፣ አንቺ ደግሞ!» ብለሽ ከት ብለሽ ሳቅሽ። ምንም ሳልልሽ።

ወሬሽ ሲመላለስ ድካም ነው እያልኩ አልፌው ነበር። ለካ የምናገርበትን ጊዜ ሳይቀር በልክ ትተሽልኝ ኖሯል። ስትቀረጪ ካሜራውን ማን ያዘልሽ? ሰባት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ቅጂሽን ማን ከፈተልኝ?

አንተ የምታነበው፣ መቼ ነው ያረፈችው? የትስ አኖርካት?

ልጄ፣ «ዕድሜ ይስጥሽ» ብዬ ልጨርስ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ባለሽበት ብርድ አይንካሽ። ብቻሽን አትሁኚ።

እናትሽ

እሁድ መደወሌን አልተውም። ከእንግዲህ ግን «ይሰማል?» ብዬ አልጠይቅሽም።