በሁለት ፖስታ ስለሚሸጠው መነጽር

ለግብር መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በሙሉ ዓይን እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ መነጽር ሠሪ ነኝ። ነበርኩ ልበል? ሱቄ ከሐሙስ ጀምሮ ታሽጓል። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በየጠዋቱ ሄጄ አነበዋለሁ። በጣም ጥሩ ማጣበቂያ ነው።

አንደኛ፤ የተጨማሪ እሴት ታክሱን ከአሥራ አምስት ወደ ሃያ በመቶ ከፍ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ምክንያቱ በሬዲዮ ተብራርቶልናል። ሁለት ጊዜ ሰማሁት።

ሁለተኛ፤ ሌንስ የሕክምና ዕቃ ነውና ከታክስ ነፃ፣ ፍሬም ጌጥ ነውና ታክስ የሚከፈልበት፣ ሁለቱ ሲገጠሙ ግን ጠቅላላው ጌጥ እንዲሆን ለወሰነው አዲሱ መመሪያዎ አድናቆቴ ወሰን የለውም። ዓይኔ ደከመ እያለ የሚመጣው ሰው ሁሉ ለካ ሊያጌጥ ኖሯል። ደንበኞቼም ለሌንሱ ታክስ ላለመክፈል ሌንሱን በአንድ ፖስታ፣ ፍሬሙን በሌላ ፖስታ ይዘው ቤታቸው እየሄዱ በማንኪያ ጫፍና በጥፍራቸው መግጠም ጀመሩ። ማለትም የሚያዩበትን ነገር፣ ሳያዩ።

ሦስተኛ። ይህን ለመጻፍ ብዕሬን ደጋግሜ አስቀምጫለሁ።

የሰፈራችን ሰው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሹፌር ሐሙስ ዕለት የመደርደሪያውን ጠርዝ እየዳሰሱ ገቡ። መነጽሩን ቤታቸው ገጥመውታል፤ ፍሬሙ ክብ በመሆኑ የቀኙ ሌንስ በግራው በኩል ያለ ምንም ማመንታት ገብቷል። እንደዚያው አድርገውት ሦስት ቀን ነድተዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ መንገዱ ነው ወይስ እኔ ነኝ የተጋደድኩት?» አሉኝ።

መመሪያውን ያነበበችልኝ ባለቤቴ በዓይኗ ተው አለችኝ። አልሰማኋትም። ሌንሶቹን አወጣሁ፣ አቀያየርኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ። ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በሩ አጠገብ ፍሬም ሲመርጡ የነበሩት ጨዋ ሰው የእርስዎ ተቆጣጣሪ ነበሩ። «ያለ ደረሰኝ የተፈጸመ ገጠማ» ብለው ጻፉ። ትክክል ነው። ገጥሜአለሁ። መነጽሩንም ለማስረጃ ከጋሼ አፍንጫ ላይ በሁለት እጃቸው፣ በአክብሮት አነሱት። ስለ አክብሮቱ አመሰግናለሁ። ከሱቁ ጋር አብሮ ታሸገ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ በመስኮቱ ይታየኛል።

ሱቁን ይክፈቱልኝ አልልም። ቅጣቱንም እቀበላለሁ። የምለምነው መነጽሩ ከሰኞ ጠዋት በፊት እንዲለቀቅ ብቻ ነው። ጋሼ ዓርብን በፈቃድ አለፉት፤ ለሰኞ ግን እረፍት ጠይቀው ተከልክለዋል፤ ከቀሩ ይባረራሉ። መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ ይላሉ። ሲሉት ግን ወደ እኔ ሳይሆን ከጎኔ ወዳለው ግድግዳ ያያሉ። ያመለከትኩበት መስኮት ቁጥር አምስት ማስረጃ የሚለቀቀው በሃያ አንድ የሥራ ቀን ውስጥ መሆኑን በፈገግታ አስረድቶኛል።

የመመሪያዎን እያንዳንዱን ቃል በቅርብም በሩቅም አጥርቶ የሚያይ፣
በማኅተምዎ ፊት እጁን አጣምሮ የቆመ ታዛዥዎ፣
መነጽር ሠሪው

ማሳሰቢያ፦ ጋሼ ሰኞ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚነዱት የእርስዎን መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ሰርቪስ ነው። በየቀኑ ከኋላቸው የሚቀመጡት ተቆጣጣሪዎ ማጅራታቸውን እንጂ ፊታቸውን ስለማያውቁ ሐሙስ ዕለት አልለዩአቸውም፤ አልፈርድባቸውም። ከዚያ ወንበር መንገዱ ጥርት ብሎ ይታያል አሉ። ሰኞ ተቆጣጣሪዎ መንገዱን እያዩ ለጋሼ ቢነግሯቸው መልካም ነው።