ባና ሉቡቶ የሚለው መስመር

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 6

ሥራ ገባሁ። ግቢው ጭር ብሏል፤ ልጆቹ የሚመጡት በሳምንቱ ነው። ዳይሬክተራችን ባ ቺሳላ አዲስ ነገር ይዘው ጠበቁኝ። የቢሮው ስልክ፣ የመምህራኑ መልእክት፣ ለወላጆች የሚላከው ቴክስት… ሁሉም በአንድ መተግበሪያ ሊሆን ነው። አደራጇ እኔ። ጸሐፊ አይደለሁ? "አስትሪዳ፣ ሳትቸኩይ ሥሪው" አሉኝ።

አስትሪዳ! እዚህ በሠራሁበት ስድስት ዓመት ሙሉ ባና ሉቡቶ፣ የሉቡቶ እናት፣ ሲሉኝ ኖረው። እዚህ ኪትዌ ከተማ የወለደችን ሴት በስሟ የሚጠራ ማን አለ? በኦክቶበር ልጄን ከቀበርን ወዲህ ግን ሁሉም አስትሪዳ ይሉኛል። አዝነውልኝ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያቆስለኛል።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 8

የወላጆችን ዝርዝር ትናንት አስገባሁ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ስልክ። መተግበሪያው ሁለት ሳጥን አለው፣ ስም እና የአባት ስም። ባናውን በስም፣ የልጁን በአባት ስም አድርጌ ሞላሁ። ባና ምዊላ፣ ባና ንጋንድዌ፣ ባሺ ካሶንዴ… "የተደጋገመው ይጣመር?" ሲለኝ እሺ አልኩት። ዛሬ ስከፍተው እናቶቹ በሙሉ አንዲት ባና፣ አባቶቹ በሙሉ አንድ ባሺ ሆነዋል።

የመተግበሪያው ኩባንያ ረዳት ጋ ደወልኩ። የሩቅ አገር ሰው ነው። ባና የሚባሉት ሴትዮ ስንት ልጅ እንዳላቸው ጠየቀኝ። ሁለት መቶ አርባ አልኩት። ሳቄ አመለጠኝ… ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ። ወዲያው አፈርኩ። ምን ያስቀኛል?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

እንደገና አንድ በአንድ ሞላሁ። መልእክት የማይፈልግ "ሌካ" ብሎ ይመልስ፣ ተው ማለት ነው፣ ያኔ ይቆምለታል። ይህን ሁሉ ጽፌ ለፈቃድ ለኩባንያው ላክሁ፤ ከሰዓት ተፈቀደ።

መተግበሪያው ከእያንዳንዱ ልጅ ስም ፊት አንዱን ምረጡ ይላል። አለ። ተዛወረ። ጨረሰ። አራተኛ ክፍል ላይ ስደርስ የራሴ ስልክ፣ የእኔ ልጅ። ተዛወረ ልበል? ወዴት? ጨረሰ? በዘጠኝ ዓመቱ ምኑን ጨረሰ… "አለ" የሚለውን ነካሁ። ሀጢአት ነው?

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መልእክት ለሁሉም ወላጅ ይወጣል። ለእኔም። ባና ሉቡቶ ብሎ ይጠራኛል። ማሽንም ቢሆን ይጥራኝ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 10

ሦስት ሰዓት ሆነ። የጽዳቷ ስልክ ጮኸ። የጥበቃው ጮኸ። የእኔ ዝም። ዝርዝሩን ከፈትኩ… መስመሬ የለም።

ባ ቺሳላ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። ልጄን ማን እንዳጠፋው ጠየቅኳቸው። እሳቸው ናቸው፤ ጠዋት ቀድመውኝ ገብተው። መልእክቱ ሲደርስሽ ሆድሽ እንዳይባባ ብዬ ነው አሉ።

"በስሜ ይጥሩኝ" አልኳቸው።

"አስትሪዳ…"

"እሱን አይደለም።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ባና ሉቡቶ" አሉ፣ ቀስ ብለው። አለቀስኩ። እሳቸውም። ከዚያ መስመሩን ራሳቸው በአንድ ጣት እየለቀሙ መልሰው ጻፉት። ከሦስቱ የቱን ልምረጥ ብለው ጠየቁኝ። ባዶውን ይተዉት አልኩ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ትምህርት ተጀመረ። የልጄ ጓደኞች አምስተኛ ገቡ። ሰልፉን ማየት አልቻልኩም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ፋይል ስደረድር ቆየሁ።

አንዲት በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ልጇን ልታስመዘግብ መጣች። ለአካባቢው አዲስ ናት፣ ማንንም አታውቅም። ስትጨርስ፣ የምጠይቀው ቢኖር ማን ብዬ ልደውል አለችኝ። ባና ሉቡቶ በይ አልኳት።

"ሉቡቶ ስንተኛ ክፍል ነው?"

አየኋት። ምንም አታውቅም።

"አራተኛ ነበር" አልኩ። "ሞቷል።"

ቃሉን በአፌ ብዬው አላውቅም። እዚህም ጽፌው አላውቅም። ሴትዮዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ምን ዓይነት ልጅ ነበር፣ ባና ሉቡቶ?"

ነገርኳት። እስከ ምሳ ሰዓት ነገርኳት።