ውርንጭላ ሆኖ ስለተመረመረው ወንድሜ

ለተከበሩ የአውራጃችን የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ኃላፊ
ሲዲ መርዙቅ፣ ዱካላ

ክቡር ሆይ፣

የአላህ ሰላምና በረከት በእርስዎ፣ በቤተሰብዎና በመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም ላይ ይሁን። ጤናዎ፣ በተለይም ሳንባዎ፣ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ሚሉዳ ረዳድ፣ «የሌለ ፈረስ አስመርምራለች» በሚል የላኩልኝን መጥሪያ በታላቅ አክብሮት ተቀብያለሁ። ክሱ ትክክል ነው። የታላቅ ወንድሜን የቡሻይብን አክታ፣ መብሩክ የሚባል የስድስት ወር ውርንጭላ አክታ ነው ብዬ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ጉዳዩን በጋዜጣ ማውጣቴን ይቅር ይበሉኝ፤ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች እስካሁን እያረፉ በመሆናቸው ነው። ቅሬታ እንዳይመስልብኝ እየሰጋሁ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ባለፈው በጋ ወንድሜ በሚሠራበት የፈረስ ጋጣ ሦስት ውርንጭሎች ሳንባቸው መግል ቋጥሮ ሲሞቱ ባለሙያዎ እስከ ጋጣው ድረስ መጥተው፣ በፋንድያና በአቧራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ እንደገደላቸው ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ወንድሜ መጥረጊያውን እንደያዘ «ሰውንስ አይዝም?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «አንተ ውርንጭላ ነህ እንዴ? ይልቅ ጥረግ» አሉት። እሱም ጠረገ። ለጤነኛ ሰው ቢሆን ብዙም አልተሳሳቱም ነበር። ቡሻይብ ግን ከአራት ዓመት በፊት ኩላሊት የተተከለለት ሰው ነው፤ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋው በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅሙን ያዳክመዋል። ባለሙያዎ ይህን ሳይጠይቁ በመሄዳቸው አምስት ደቂቃ ያህል ቆጥበዋል።

2. ወንድሜ ደም መትፋት ሲጀምር ሆስፒታል ወሰድኩት። የሰው ላቦራቶሪ ባክቴሪያውን ሁለት ጊዜ አግኝቶ ሁለት ጊዜ «ከአቧራ የገባ ብክለት ነው» ብሎ ጣለው። የጋጣውን ነገር ስነግራቸው ወደ እናንተ ላኩኝ፤ የእርስዎ ጸሐፊም በትሕትና፣ «እመቤቴ ላላ ሚሉዳ፣ እኛ ጋ እኮ ሰው አይመረመርም። በሽተኛሽ ስንት እግር አለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ያን ቀን ሁለት ነው ብዬ ተመለስኩ። በማግስቱ አራት አልኩ።

3. በቅጹ ላይ «ባለቤት» በሚለው ቦታ ስሜን መጻፌ ሐሰት ነው ተብያለሁ። የተተከለለት ኩላሊት የእኔ ስለነበረ፣ ቢያንስ በከፊል ባለቤትነቴ እንዲታይልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። «ዝርያ» ለሚለው «ድብልቅ» ያልኩትም እናታችን የተራራ ሰው፣ አባታችን የሜዳ ሰው ስለሆኑ እንጂ መንግሥትን ለማታለል አይደለም።

4. ውጤቱ በአራት ቀን ደረሰልኝ፤ ለዚህ ያለ አንዳች ፌዝ አመሰግናለሁ። የላቦራቶሪዎ ሠራተኛ ነዝሃ አስቀምጣ አስረዳችኝ፦ «ይሄ የዋዛ ዝርያ እንዳይመስልሽ። ሊበላው የመጣው የሰውነት ተከላካይ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይራባል። ገዳይ የሚያደርገውን ነገር ተሸክሟል።» የሚገድሉትን መድኃኒቶችም አንድ በአንድ ዘርዝራ ጻፈችልኝ። ከወረቀቱ ግርጌ ግን «ከመንጋው ይለይ፤ ካልተሻለው እንዲወገድ ባለቤቱ ይወስን» ይላል። ለወንድሜ ሳነብለት፣ «እሺ ባለቤቴ፣ ምን ወሰንሽ?» ብሎ ሳቀ፣ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። እኔ አልሳቅሁም። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ሌሊት ሌሊት ትንፋሹን ስቆጥር ነው የማድረው።

5. ሆስፒታሉ በፈረስ ስም በመጣ ውጤት ሰው አላክምም ብሏል። አክታው የሰው መሆኑን እርስዎ ጽፈው ቢፈርሙበት መድኃኒቱን በዚያው ቀን ይጀምሩለታል። እርስዎ ደግሞ ከመፈረምዎ በፊት ውርንጭላውን አቅርቢ ይላሉ።

ስለዚህ የምለምንዎ ሁለት መስመር ጽሑፍና አንድ ማኅተም ነው። ቅጣቱን እቀበላለሁ፤ እስራት ከሆነም ስንቄን ይዤ እመጣለሁ። ወንድሜን ወደ ሰውነት የሚመልሰው ሥልጣን በእርስዎ እጅ ብቻ በመሆኑ፣ ይህን ያህል ትልቅ ሰው ጎረቤታችን በመሆንዎ ኩራት ይሰማናል።

መዝገብዎ የማይጎድል፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ አቧራም ወደ ደጅዎ የማይደርስ ይሁን እያልኩ፣ በፍጹም ታዛዥነት እሰናበታለሁ።

ሚሉዳ ረዳድ
የቡሻይብ እኅት፣ የመብሩክ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንዳበቃሁ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ተቆጣጣሪዎ ውርንጭላውን ሊያዩ ቤታችን መጡ። ወንድሜ በግቢያችን የበለስ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበርና «እኔ ነኝ» አላቸው። በቅጹ ላይ «በሕይወት አለ» እና «ሞቷል» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ስላሉ፣ ውርንጭላም ስላላገኙ፣ «ሞቷል» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው ሄዱ። ወንድሜ አልሞተምና መዝገብዎ እስከዚህች ሰዓት ድረስ ተሳስቷል። ተሳስቶ እንዲቆይ ፊርማዎ ዛሬውኑ ያስፈልገኛል።