ድምፅ የሚቀዳው ካሜራ

ጆፍሬ፣

የጋዝ ሲሊንደሩ መጥቷል፤ በረንዳ ላይ ነው፣ አስገባው።

ካሜራውን ወደ መንገዱ አዙሬዋለሁ። ስንገዛ ሻጩ ፊት ለምኜህ ነበር። ሌባ ለመያዝ ምስሉ ይበቃናል፣ ድምፅ የማይቀዳውን እንውሰድ ብልህ፣ "አንተ አይነ አፋር፣ መቼ ተናግረህ ታውቅና ነው የሚቀዳብህ?" ብለህ አሳቅህብኝ።

አሁን የጓያኪል ከተማ በሙሉ ሰማኝ። በረንዳው ላይ ብቻዬን ለምወዳት ለማይራ የምነግራትን ስለማመድ ቀዳኸኝ። ከዚያ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ የምናቃጥለውን የጨርቅ አሻንጉሊት የእኔን ሸሚዝ አልብሰህ፣ ሆዱ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ከተህ፣ በእኔ ድምፅ እንዲለፈልፍ በር ላይ ጎለትከው። የሰፈሩ ልጆች ባለፍኩ ቁጥር "ማይራዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" ይሉኛል።

አስጠላኸኝ።

ሸሚዜን አውልቄ ወስጃለሁ፤ የራስህን አልብሰው።

ትናንት ተናድጄ ስወረውረው ድስትህ ተጣሟል። ለድስቱ ይቅርታ።

ቁልፉ ታች ቤት፣ እመት መርሴዴስ ጋ ነው።

ለማይራ ዛሬ ጠዋት ገበያው በር ላይ ራሴ ነገርኳት። ምን ብላ እንደመለሰችልኝ አንተም ካሜራህም አታውቁም።

ሌይነር