ብረት የማይገባበት ክፍል

ሰኔ 2፣ ከጠዋቱ 1፡00

ቀበቶ ፈታሁ። ቁልፍ፣ ስልክ፣ ሳንቲም ደጅ ቀሩ። ብረት የሚባል ሳልይዝ ገባሁ። የማሽኑ ባለቤት ዶ/ር ሲቀጥሩኝ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይሄን ነው፤ ማሽኑ የምድርን መግነጢስ ይለካል፣ አንዲት ሚስማር ታሳስተዋለች። እሳቸው ጦርነቱ ሲጀመር ከካርቱም ወጡ። ስልካቸው ከተዘጋ ዓመት አለፈ። ወደ ሊቢያ አላፊ ነበርኩ፣ እዚሁ ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር የማሽን ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ። ስድስት ዓመት፣ አንድ ቀን ሳይጎድል። ለማን? እንጃ፣ አንተ ደብተር።

ሰኔ 3፣ ከቀኑ 9፡00

ኔት ያለበት ሱቅ ሄጄ አነበብኩ፦ ፀሐይ ላይ ትልቅ ፍንዳታ፣ የምድርን መግነጢስ የሚያናውጠው ማዕበል በሁለት ቀን ይደርሳል። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት! እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ጎረቤቴ ሐጃ አጥሩ ጋ ቆመው አገኘኋቸው። መብራት ከጠፋ ወዲህ የሰፈሩ ጉድጓድ ሞተር አይሠራም። ባላቸው ዐም ዑስማን በአህያ ጋሪ ከወንዝ ውሃ ያመላልሳሉ፣ ሁሉም ያንኑ ይጠጣል። ኮሌራ ሦስት ቤት ገብቷል። የማሽኑን የፀሐይ ፓኔል ለሞተሩ ስጠን አሉኝ። ሌላው ሁሉ ተዘርፏል፣ የቀረው የኔ ነው።

ሁለት ቀን ይታገሱኝ አልኳቸው። ኢንሻላህ ብለው ሄዱ።

ሰኔ 4፣ ከጠዋቱ 3፡00

ዐም ዑስማን ታመዋል። ትውከት፣ ተቅማጥ። ውሃውን አፍሉት አልኩ፤ በምን ከሰል? ፓኔሉን አሁኑኑ ላውርደው? ማዕበሉ እኮ ነገ ነው። ጨካኝ ነኝ። አውቃለሁ።

ሰኔ 5፣ ከቀኑ 11፡00

ምንም። ማሽኑ በሚስለው መስመር ላይ የየቀኑ የእኩለ ቀን ጉብታ፣ ከዚያ ዝም። ማዕበሉ በጎናችን አልፎ ሄዶ ይሆናል፤ እንዲህ እንደሚያደርግ ዶ/ር ነግረውኝ ነበር። ወይ ዘግይቶ ይሆናል። እስከ ነገ ላቆየው።

ሰኔ 6፣ ከሰዓት

አልመጣም። ዐም ዑስማን ጎህ ሲቀድ አረፉ። መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነኝ። ሐጃ አልተቆጡኝም። ምነው በተቆጡኝ። ከቀብር ስንመለስ በራቸው ድረስ አስጠርተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ያ የጠበቅከው መጣልህ?»

አልመጣም አልኳቸው። አላህ ከሪም ብለው ገቡ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ሰኔ 7፣ ከጠዋቱ 1፡00

መፍቻ በእጄ፣ ቁልፍ በኪሴ፣ ቀበቶዬን እንደታጠቅኩ ገባሁ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ። መስመሩ ዘለለ። ገመዱን ነቀልኩት።

መዝገቡ ላይ «የተቋረጠበት ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ። እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልሰፈረበትም። «ለውሃ። አራት ቀን ዘግይቶ» ብዬ ጻፍኩ።

ሰዎቹ ጀሪካን ይዘው አጥሩ ጋ ቆመዋል። ፓኔሉን ላውርድ።