ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስለሚሰጠው ከረጢት

ለክቡር የዊልጋሪ ወረዳ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ፤

በቅድሚያ ጤናዎ፣ በዚህ ሁሉ ድርቅ መሀል አንድ ቀን እንኳ ውኃ እንዳልጎደለበት እንደ ሆስፒታልዎ ሣር የለመለመ ይሁን እያልኩ እጅ እነሳለሁ። እኔ በመጽሔታችን የሠፈሩን ወሬ የማቀብለው ሴት ነኝ። የዛሬው ወሬ የጓደኛዬ የግሌኒስ ነው፤ እሷም “ጻፊው፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይወሰድብኛል” ስላለችኝ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ስጦታው እናመሰግናለን። ግሌኒስ ግራ ጡቷ በተቆረጠ በማግስቱ ነርሷ ከረጢት ሰጠቻት፤ ውስጡ ከጥጥ ክር እንደ ሹራብ የተሠራ፣ ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ ጡት ነበር። ገልብጣ ብታየው የጀርባው ሰማያዊ ቋጠሮ የራሷ ሆኖ አገኘችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ከሴቶቹ ጋር እየሠራች ለሆስፒታልዎ ስትለግስ የኖረችው እሷው ናትና። ሳያባክኑ ስለመለሱላት እግዜር ይስጥልን።

፪. ሐኪሙ ስለሚቆርጡት ነገር በሚገባ አስረድተዋታል፤ አንክድም። ወደ ከተማ ብትላክ ግን ከገዛ ሆዷ ሥጋ ተወስዶ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰመመን ጡቷ መልሶ ሊሠራላት ይችል እንደነበር የሰማችው ከስድስት ወር በኋላ፣ ያውም ጸጉር ቤት፣ ራሷን እየታጠበች ነው።

፫. ብንጠይቅ፣ መረጃው ለጠየቀ ሁሉ ከመሳቢያ ወጥቶ እንደሚሰጥ ተነገረን። የማታውቀውን ነገር እንዴት አድርጋ ትጠይቅ ስንል፣ ጸሐፊዎ (ደግ ልጅ ናት፣ እናቷን አውቃታለሁ) “እትዬ ግሌኒስ እኮ ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ባልም የላቸው፤ አይፈልጉትም ብለን ነው” አለችን። ግሌኒስ ባሏን መቅበሯን ታስታውሳለች፤ ደረቷን አብራ መቅበሯን ግን ያሳወቃት አልነበረም።

፬. አሁን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለካንሰሩ የተሰጣት ጨረር ቆዳዋን ስላደነደነው፣ የከተማው ሐኪም ጡቷን መልሶ መሥራቱ እጅግ እንደከበደና ቀድማ ብትመጣ ይሻል እንደነበር ነገሯት። የቅሬታ ቅጽዎ “ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ?” ይላል። ግሌኒስ ያቺን መስመር ሁለት ሳምንት አየቻትና ባዶዋን መለሰቻት።

ያልተጠየቁትን ባለመናገር የታወቀው ትዕግሥትዎ እንዳይጓደል እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን በመለመን፣

አክባሪዎ፣
ቬርና ኮልቢ፣ የ“አጥር ለአጥር” ዓምድ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ግሌኒስ አሁንም ማክሰኞ አትቀርም። በየጡቱ ውስጥ ትንሽ ወረቀት ትሰፋለች፦ “ከመቆረጥሽ በፊት፣ መልሶ ስለ መሥራት ጠይቂ።” ከረጢቱ የሚታደለው ከቆረጡ በኋላ መሆኑን ብነግራት፣ “አውቃለሁ” አለችኝ። የፊታችን ሐሙስ ሁለት ሴቶች ለመቆረጥ ተረኛ ናቸው አሉ። ከረጢቱን ረቡዕ ቢሰጧቸው ምን ይመስልዎታል?