ዛሬ የት ነው የሚያምህ?

ጥር 6
ከሥራ በቀጥታ ካራቴ ክለብ። የላብ ሽታ፣ እርጥብ ምንጣፍ፣ የማይዘጋው መስኮት... ያው ነው። ግራኙ ጓደኛዬ ቀድሞኝ ደርሷል። እጅ ከመነሳሳታችን በፊት እንደ ልማዳችን፣ "ዛሬ የት ነው የሚያምህ?" አለኝ።
"ቀኝ ጉልበቴ። አንተስ?"
"ግራ ትከሻዬ።"
በቃ። የተነገረ ቦታ አይነካም። ከነጭ ቀበቶ ጀምሮ አብረን ነን፤ አንድም ቀን ነክቶኝ አያውቅም።
ለከተማው ምክር ቤት፣ ለአንድ ወንበር መወዳደራችን ነው የሚያስቀው። "እንደ ምንጣፉ ይሁን" ተባባልን።

ጥር 19
ቅስቀሳውን የያዘልኝ የሚስቴ ወንድም፣ "የሱ ገመና የለም?" አለኝ። ሞልቷል። አልናገርም አልኩት።
"አንተ ሰውዬ፣ ምርጫ እኮ ነው! ካራቴ መሰለህ?"

የካቲት 3
ዛሬ የምርጫ ክርክሩ ነበር። የወጣቶች ማዕከል እንከፍታለን ስል ግራኙ ማይኩን ያዘ።
"ገዛ ቤቱ ውስጥ ልጁ የክኒን ሱሰኛ ስትሆን ያላየ ሰው፣ የከተማውን ልጅ ሊጠብቅ ነው?"
አዳራሹ ሳቀ።
ለሱ ብቻ ነበር የነገርኩት። አምና፣ እዚያው ምንጣፉ ዳር፣ የት ነው የሚያምህ ሲለኝ "ልጄ" አልኩት። አቅፎኝ አለቀሰ እኮ! ያ እንባ ምን ነበር? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ... ለካ እውነት ነው።

የካቲት 5
ልጄን ከምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት አሰናበቷት። ወላጆች "ልጆቻችንን እንዳትነካ" ብለው። ድና፣ ሰው ሆና፣ ሥራዋን ወዳ!
ሽንኩርት እየላጠች፣ "አባዬ፣ ማን ነገረው?" አለችኝ።
"እኔ።"
ቀና ብላ አላየችኝም።

የካቲት 6
የሚስቴ ወንድም፣ "አሁንስ? አውጣበት እንጂ!" አለ። ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ግን ጉዱ ቢወጣ የምታፍረው ሚስቱ ናት። እሷ ምን አደረገችኝ? ዋጥኩት። ጨዋነት ነው እንዳልል፣ ጉሮሮዬን እያቃጠለኝ ነው።

የካቲት 20
አሸነፈ። በሰፊው።

መጋቢት 2
ክለብ ሄድኩ። የምክር ቤት አባሉም መጣ። ከሁላችንም ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።
"ያ ፖለቲካ ነው፣ ወንድሜ። እዚህ ሌላ ነው። እኔ ያቺው ትከሻዬ ናት... አንተስ? ዛሬ የት ነው የሚያምህ?"
ወገቤ። ጎንበስ ማለት አቅቶኝ ጠዋት ጫማዬን ያሰረችልኝ ልጄ ናት። አሁን ቤት ነው የምትውለው።
"የትም" አልኩት።